«ንግሥቴ፣ ተነሥተሻል?»

ልጄ ክላሪታ የምትማረው ሴቡ ከተማ ነው። ጠዋት ጠዋት እደውልላታለሁ። በሦስተኛው ጥሪ ካላነሣች በአራተኛው ላይ መኪና ገጭቷታል፣ በአምስተኛው ላይ የተከራየችው ቤት ተቃጥሏል፣ በስድስተኛው ላይ እኔ መርከብ ልይዝ ጫማዬን ፍለጋ አልጋ ሥር ገብቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ተኝታ ነው።

«እማ፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት እኮ ነው!» ትለኛለች።

«በሕይወት መኖርሽን ልወቅ ብዬ ነው።»

«አለሁ። ልተኛበት?»

እሷ ትስቃለች። ሳሎን ጥግ የምትቀመጠው እናቴ ግን አትስቅም። ስልክ ባነሣሁ ቁጥር ኪሮሿን አስቀምጣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ታደርጋለች፣ ጀርባዋንም ቀጥ ታደርጋለች። ይህን አቀማመጧን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን በጣም ዘግይቶ ነው።

ያኔ የምንኖረው ዱማጌቴ በምትባል የወደብ ከተማ ነበር። በሰፈራችን ስልክ ያለው እኛ ቤት ብቻ ሲሆን ያስገባውም አባቴ የሚሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ጥቁርና ከባድ ነው፤ እናቴ በሠራችው ዳንቴል ላይ፣ ከሕፃኑ ኢየሱስ ሐውልት አጠገብ ይቀመጣል። አቧራው በቀን ሁለት ጊዜ ይጠረጋል። የሐውልቱ አንድ ጊዜ።

አባቴን ከተማው የሚያውቀው ኖንግ ቴዮ ብሎ ነው፤ ኖንግ እኛ ዘንድ ታላቅ ወንድ በአክብሮት የሚጠራበት ነው፣ ሴት ከሆነች ናንግ ትባላለች። የቁርስ ሰዓት ፕሮግራሙ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ከበሮ መቺው በአፉ እንደ አውራ ዶሮ ይጮሃል፣ ሁለት ጊታርና አንድ አኮርዲዮን ይከተሉታል፣ ከዚያ የአባቴ ድምፅ ይመጣል፦ «እንደምን አደራችሁ! የተኛ ይነሣ፣ የተነሣ ይብላ፣ የበላ ይደንስ!» እንግዳ ጠፍቶ አያውቅም። ቡጢኛ ይመጣል፣ የቁንጅና አሸናፊ ትመጣለች፣ ለክብረ በዓል ከማኒላ የወረደ ዘፋኝ ይመጣል። አንዴ እሳት የሚበላ ሰው መጥቶ የስቱዲዮውን መጋረጃ አቃጥሎታል፤ ባንዱም ሙዚቃውን ሳያቋርጥ እየተጫወተ ወጣ።

ሕዝቡ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ግን «ንግሥቴ፣ ተነሥተሻል?» የሚባለውን ጨዋታ ነበር። አባቴ ደስ ባለው ሰዓት፣ አንድ ቀን አሥራ ሁለት ከሩብ፣ ሌላ ቀን ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ በቀጥታ ስርጭት ቤት ይደውላል። አድማጮች እናቴ በስንተኛው ጥሪ እንደምታነሣ ጽፈው አስቀድመው ይልካሉ። በትክክል የገመተ የልብስ ሳሙና ያገኛል። እስከ አምስተኛው ካላነሣች ደግሞ ለአድማጮች በዕጣ አንድ ጆንያ ሩዝ ይወጣል። ጥሪው ሲጀምር ከተማው ሙሉ ኩባያውን አስቀምጦ ይቆጥራል።

«ንግሥቴ፣ ተነሥተሻል?»

«ተነሥቻለሁ።»

«ምን አዘጋጀሽልኝ?»

«ትኩስ ቸኮላት፣ በኮኮናት የበሰለ ሩዝ፣ ማንጎ።»

«ሰማችሁልኝ? ባለትዳሮች፣ ሰማችሁልኝ?»

ገበያ ስንሄድ ዓሣ ሻጮቹ ቢላቸውን እያወዛወዙ ይጠሯታል። «ንግሥት! ሦስት ብዬ ጽፌ በሁለት አነሣሽው፤ ሳሙናዬን በላሽኝ!» ትላለች አንዷ። «አንድ ቀን እንኳ ትንሽ ተኝተሽ ሩዙን ብታበይን ምናለበት?» ትላለች ሌላዋ። እናቴ በከንፈሯ ብቻ ትስቃለች። እኔ እጇን ይዤ ደረቴን እነፋለሁ። እናቷ ታዋቂ የሆነች ልጅ በክፍላችን እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባቴ ሌሊቱ ሳይነጋ ይወጣል። ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል እናቴ ስልኩ አጠገብ ካለው ወንበር አትነሣም። ጓሮ አትወጣም፣ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን አትሄድም፣ ሽንቷም ቢመጣ ትይዛለች። ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ተራዋን የምትጠብቅ ተዋናይ ትመስለኝ ነበር። እጇ የሚንቀጠቀጠው ለዚያ ነው እል ነበር፤ የመድረክ ፍርሃት ትልልቆቹንም እንደሚይዝ አባቴ በሬዲዮ ሲናገር ሰምቻለሁ።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ልብስ ልታስገባ ጓሮ ወጥታ ስልኩ አምስት ጊዜ ጮኸ። ሮጣ ስትገባ ዘግቷል። አባቴ በሬዲዮ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። «ንግሥቴ ቀጣችኝ! ሩዙ ይውጣ!» ቤት ሲገባም እየሳቀ ነው የገባው። ለእኔ ከረሜላ ሰጠኝና የወጥ ቤቱን በር ከእናቴ ጋር ከውስጥ ዘጋው። ሬዲዮውን በጣም አስጮኸው። ከዚያ በኋላ እናቴ ሳምንቱን ሙሉ፣ በዚያ ሙቀት፣ እጅጌው ረጅም የሆነውን ቡናማ ቀሚሷን ለበሰች። ዘይት ፈንጥቆብኝ ነው አለች። አመንኳት። አሁን ዓሣ ስጠብስ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ዘይት አራት ምልክት በአንድ መስመር አይተውም።

ከበራችን ፊት ለፊት የአባቴ ታናሽ ወንድም የቲዮ ሲንዶ ሱቅ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን መዝጊያውን ያነሣል፣ ሲመሽ ያወርዳል። እናቴ በወጣች ቁጥር «ፌሊሳ፣ ወዴት ነው?» ይላታል። ጨዋ ሰው ነው እል ነበር። ሌላ ሰው ሲያልፍ እንደማይጠይቅ አላስተዋልኩም።

ፕሮግራሙ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር አንድ ሳምንት ሲቀረው አባቴ ግራስያ ሞንቴሳ ልትመጣ መሆኑን ተናገረ። የፊልም ተዋናይ ናት፣ ዘፋኝም ናት፤ ሥዕሏን ከጋዜጣ ቆርጬ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌያለሁ። እንቅልፍ አጣሁ። በዚያው ሳምንት እናቴም እንቅልፍ እንዳጣች አየሁ። የጓሮ ጎረቤታችን ናንግ ኡርሲንግ ከአጥሩ ማዶ፣ እናቴ ከወዲህ በሙዙ ተክል ሥር ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ከደወለስ?» አለች ናንግ ኡርሲንግ።

«ትልቅ እንግዳ ባለበት ቀን ዘግይቶ አያውቅም።»

«ከዘገየስ ነው የምልሽ። ሁለት ሰዓት ላይ ይሄዳል፣ አይጠብቅም። አንቺ ቀድመሽ ውጪ፣ ልጅቷን በኋላ…»

«ያለ እሷ አልወጣም።» ይህን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ከፍ አለ።

ያለ እኔ አትወጣም! የት ነው የምንወጣው? መድረክ ላይ ነዋ። እናቴ ለአሥረኛው ዓመት አባቴን ልታስደንቀው ነው፤ ሳይጠራት ስቱዲዮ ገብታ፣ እኔንም ይዛ፣ በግራስያ ሞንቴሳ ፊት። ትልቁን ሻንጣ ከአልጋ ሥር ስታወጣ አየሁ፣ ናፍታሊን ይሸታል። ሰማያዊ ቀሚሷን ተኮሰች። «ለፓፓ እንዳትነግሪ» አለችኝ። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል?

የሚሄደው፣ የማይጠብቀው፣ ወደ ዳፒታን የሚሻገረው መርከብ ነበር። እህቷ እዚያ ናት። እቅዱን አሁን ልጽፈው እችላለሁ፣ ቀላል ነው። ሻንጣ የያዘች ሴት ቲዮ ሲንዶ ሱቁን ሳይከፍት መውጣት አለባት። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ግን በየትኛውም ሰዓት ብትወጣ ማንም አይጠይቃትም። ስልኩ ደግሞ መነሣት አለበት። ለዚያ የቀረሁት እኔ ነኝ።

በአሥረኛው ዓመት በዓል ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችኝ። ሻንጣው ሞልቶ ስለነበር ሁለት ቀሚሶቼን ደርባ አለበሰችኝና ዩኒፎርሜን ከላይ ጨመረች። ለመድረክ መቀየሪያ ነው አልኩ በሆዴ። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች።

«ስልኩ ሲጮህ አንሺ። ‹ማማ ገላዋን እየታጠበች ነው፣ ሳሙና ዐይኗ ገብቷል› በይ። ከዚያ ዝጊው። ሌላ ቃል የለም። ከዚያ ቦርሳሽን ይዘሽ እንደ ትምህርት ቤት ቀን ውጪ፣ ዞረሽ ናንግ ኡርሲንግ ጋ ሂጂ። እኔ ያለሁበት ታመጣሻለች።»

«ሰው ይበዛል?»

«ይበዛል።»

«ሙዚቃስ አለ?»

ትንሽ አየችኝ። «ይኖራል፣ ልጄ። ሁሉም ነገር ይኖራል።»

በአጥሩ ክፍተት ወጣች። አጮልቄ አየኋት። ከኋላ መንገድ የናንግ ኡርሲንግ የወንድሟ ልጅ ኖንግ ኩሎት ትራይሲክሉን፣ ጎኑ ላይ ጋሪ የተቀጠለበትን ሞተሩን፣ ሳያስነሣ ይዞ ይጠብቃት ነበር። ሻንጣውን ተቀበላት። እናቴ ወደ ኋላ አላየችም።

በእናቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ መሬት አይደርስም። ሬዲዮውን ከፈትኩ፤ ዶሮው ጮኸ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። በሁለት ቀሚስና በዩኒፎርም ውስጥ ላቤ እስከ ካልሲዬ ይወርዳል። ቲዮ ሲንዶ ከሱቁ ሆኖ «ጁቪ! እናትሽስ?» አለ። «እየታጠበች ነው!» አልኩት። የመጀመሪያውን ፈተና አለፍኩ። ኮራሁ።

ግራስያ ሞንቴሳ ስትገባ ከሬዲዮው የወጣው ጩኸት ብርጭቆ የሚሰብር ነበር። አንድ ዘፈን ዘፈነች። አባቴ፣ ቁርስ ምን ትወጃለሽ ብሎ ጠየቃት፤ የደረቀ ዓሣ በኮምጣጤ አለች፤ ሕዝቡ አበደ። ከዚያ አባቴ፣ «እስቲ አሁን የእኔን ኮከብ ልጥራላችሁ» አለ፣ ስልኩም ጮኸ። አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀር ነበር። ሰዓቱ ገና ነበር። ጊዜው ለሁሉም ነገር ይበቃ ነበር።

በአንደኛው ጥሪ አነሣሁት።

«ንግሥቴ፣ ተነሥተሻል?»

«ማማ ገላዋን እየታጠበች ነው፣ ሳሙና ዐይኗ ገብቷል!»

ድምፄ ከሬዲዮው ተመልሶ መጣብኝ። ሕዝቡ ሳቀ። ልዘጋ ስል አባቴ፣ «ቆይ ቆይ ቆይ! ጁቪ፣ እንዳትዘጊ!» አለ። «ምን ቸገረን? ባንድ አለን፣ እንግዳ አለን። እንጠብቃታለን። ልጆች፣ ሳሙናዋን አስለቅቁልኝ!»

ባንዱ ጀመረ። እጀታውን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። እናቴ ዝጊ ብላለች፣ አባቴ እንዳትዘጊ ብሏል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። ሙዚቃው በአንድ ጆሮዬ ከሬዲዮው፣ በሌላው ከስልኩ ይገባል።

«እህስ ጁቪ፣ ወጣች?»

«ገና።»

«ገና? ይህቺ ሴት ዓሣ ነባሪ ናት እንዴ? ድገሙ!»

ሁለተኛው ዘፈን። ቲዮ ሲንዶ ከሱቁ ተሻግሮ መስኮታችን ላይ መጣ፤ እየሳቀ፣ «ፌሊሳ! ወንድሜን አታስጠብቂው እንጂ!» ብሎ ወደ ውስጥ አንገቱን ሰገግ አደረገ። ሁለተኛው ዘፈን አለቀ። «ገና» ማለት አሁን የማያስቅ ሆኖ ነበር፣ ሕዝቡም ዝም ብሎ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ግራስያ ሞንቴሳ ስልኩን ከአባቴ ተቀበለችው። ድምፅዋ ሞቃት ነበር፣ ጆሮዬ ውስጥ የተቀመጠች ያህል።

«የኔ ቆንጆ፣ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። ማማ የታለች?»

ለእሷ ብቻ። በሹክሹክታ ነገርኳት፤ ሹክሹክታዬንም መላው ከተማ ሰማው።

«ወደ እናንተ እየመጣች ነው። ድንገት ልታስደንቃችሁ ነው። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፣ ትልቅ ሻንጣ ይዛለች፣ በኖንግ ኩሎት ትራይሲክል ነው የሄደችው። ለፓፓ እንዳትነግሪው።»

ስቱዲዮው በሳቅ ፈነዳ። ከሳቁ በታች ግን አባቴ ዝም አለ። ሬዲዮ ላይ ዝም አይባልም፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ዝም ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለት ትንፋሽ ያህል። በደስታ ደንግጦ ነው አልኩ። ሌላው ሁሉ ሲተኛልኝ ያ ዝምታ ዛሬም አይተኛልኝም።

«አድማጮቼ!» አለ ከዚያ፣ እየዘፈነ በሚመስል ድምፅ። «ንግሥቴ ከቤተ መንግሥቷ ወጥታ እስካሁን አልደረሰችም። መንገድ ጠፍቷት ይሆናል። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ትልቅ ሻንጣ! ያገኛት ወደ ስቱዲዮ ያምጣልኝ። ለእሱ አንድ ጆንያ ሩዝ፣ ከግራስያ ሞንቴሳም አንድ ዘፈን!»

እኛ ጋ የጠፋ ነገር የሚፈለገው በሬዲዮ ነው። ጎሽ ሲጠፋ፣ ልጅ ሲጠፋ፣ አንዴም ሠርግ ላይ ከሽማግሌ አፍ የወለቀ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲጠፋ ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ፈልጎ አግኝቷል። ማንም በክፋት አልተነሣም። ይህን ደግሜ መናገር እፈልጋለሁ። የወደቡ ወዛደሮችም፣ የመርከቡ ትኬት ቆራጭም፣ ዓሣ ሻጮቹም እናቴን ይወዷት ነበር።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከወደቡ ቢሮ ተደወለ።

«ኖንግ ቴዮ! አግኝተናታል!»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት! ተሳስታ መርከብ ልትሳፈር ነበር እኮ!» ከኋላ ሳቅ ይሰማል። «እኔ አይደለሁም ትለናለች! ድምፅዋን ማን ያጣዋል? አንድ ቃል ስትናገር ሁላችንም አወቅናት!»

«ቀስ ብላችሁ አምጡልኝ» አለ አባቴ። «ሻንጣዋንም።»

እኔ ሬዲዮው ፊት እዘላለሁ። ያኔ ናንግ ኡርሲንግ በጓሮ በር ገባች። አልተቆጣችም። መሬት ላይ ቁጭ አለችና ወደ ራሷ ሳበችኝ፤ ዩኒፎርሜን አወለቀች፣ አንዱን ቀሚስ አወለቀች፣ አጣጠፈችው፣ ሁለተኛውን አወለቀች፣ አጣጠፈችው።

«ለምን ታወልቂዋለሽ? አንሄድም?»

«አንሄድም፣ የኔ ልጅ።»

«ግን ማማ እኮ ደርሳለች! ስሚ!»

በእርግጥም ደርሳ ነበር። ጭብጨባው ሲበርድ የአባቴ ድምፅ ለስለስ ብሎ መጣ። «ንግሥቴ፣ ተነሥተሻል?»

ምንም የለም። በልማድ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«ተነሥቻለሁ» አለች እናቴ።

ባንዱ ጀመረ። ግራስያ ሞንቴሳ ዘፈነች። ናንግ ኡርሲንግ ተነሥታ ሬዲዮውን ዘጋችው። በእኛ ቤት ፕሮግራሙ ሳያልቅ ሬዲዮ ሲዘጋ ያየሁት በዚያ ቀን ነው።

በጣቢያው ጂፕ መጡ። አባቴ ብድግ አድርጎ ወደ ላይ ወረወረኝ፤ «የኔ ትንሿ ጋዜጠኛ!» አለኝ፣ አንድ ቆርቆሮ ብስኩትም ሰጠኝ። በር ላይ ከተሰበሰበው ጎረቤት ጋር ሊያወራ ቀረ። እናቴ ብቻዋን ገባች። ሰማያዊ ቀሚሷ አንድም ቦታ አልተጨማደደም።

«በአንደኛው ጥሪ አነሣሁት!» አልኳት።

«ጎበዝ» አለችኝና ራሴን ዳሰሰችው።

ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍታ፣ አባቴ ውጭ ገና እየሳቀ ሳለ፣ እጅጌው ረጅም የሆነውን ቡናማ ቀሚሷን ራሷ አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችው።

ጨዋታው ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ቀጠለ። በእኛ ቤት ግን ተጫዋቾቹ ሁለት ሆንን፤ «ልዕልቴስ?» ይላል አባቴ፣ እኔም አለሁ እላለሁ። አባቴ በደም ግፊት ማይኩ ፊት ወድቆ ሞተ። ሬሳው ሲያልፍ መንገዱ ዳርና ዳር በሰው ተሞልቶ ነበር። እናቴን ያቀፏት ሴቶች ስንት ዓመት በሳሙናዋ እንዳጠቡ እየነገሯት አለቀሱ።

ይቅርታ የጠየቅኳት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። አፌ ነው ያስያዘሽ አልኳት። አይደለም አለች፣ ኪሮሿን ሳታቆም።

«ሻንጣዬን ላስገባ መወጣጫው ላይ ነበርኩ። አንድ እግሬ መርከቡ ላይ ነበር። እነዚያ ሰዎች እየሳቁ ነው የከበቡኝ፤ ገፍቼ ማለፍ እችል ነበር። ትኬት ቆራጩ ሬዲዮ ነበረው። ያንቺን ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ የእሱን ዝምታ ሰማሁ። አንቺ እዚያ ቤት ነበርሽ።» ክሩን አሳጠረችው። «ማንም አላመጣኝም። በእግሬ ነው የወረድኩት።»

ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ለክላሪታ ደወልኩ። ሦስት። አራት። እናቴ ከወንበሯ ተነሣች። ጉልበቷ ያማታል፣ ያለ ምክንያት አትነሣም። መጥታ ስልኩን በያዘው እጄ ላይ እጇን ጫነች።

«ተዪያት። ትተኛ።»

«አንድ ነገር ሆና ቢሆንስ?»

«ሆና ከሆነ ይደውሉልሻል። ተዪያት፣ ጁቪ።»

ስድስተኛው ጥሪ መሐል ላይ ዘጋሁት። ቁጭ ስል እጆቼን ጭኔ ላይ አገኘኋቸው። እስከ አራት ሰዓት ድረስ የሞተችበትን መንገድ ሁሉ አሰብኩ፤ ባሕሩንም፣ ጋዙንም፣ ስሙን የማላውቀውን ወንድ ልጅም። እናቴ ኪሮሿን አላስቀመጠችም።

አራት ሰዓት ላይ ደወለች።

«እማ፣ ዛሬ ምነው ቶሎ ዘጋሽው?»

«ተኝተሽ ነበር?»

«አዎ።»

ከበስተጀርባዋ ሰው ይስቃል፣ መኪና ያልፋል። የት እንዳለች አልጠየቅኳትም።